የመግቢያው ሦስተኛ አንቀጽ

መሐል ሜዳ
ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለምኮራብህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ እምሩ፤
ጅግጅጋ

እንደምን ከረምክ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ጋ ብርዱ እንደምታውቀው ነው፤ አባባ በግንቦት ፀሐይም በርኖሱን አልጣለም። የበልጉ ገብስ ዘንድሮ ደህና ነው። እማዬ ጤነኛ ናት፤ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ቢያማትም ገበያ መሄዱን አልተወችም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ይህን ነገር ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ የልጆችህን ጤና ጠይቄ ዘጋሁ። በወረቀት ሲሆን መሃል ላይ አልፈራም። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

የማስተርስ ጥናቴን የፊታችን ሰኞ ለመጨረሻ ጊዜ አስገባለሁ። ስለ ጓሳ ሣር መሆኑን ታውቃለህ። የማታውቀው መግቢያው ላይ ስላንተ የጻፍኩትን ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው።

ሌሎቹ ምዕራፎች ካለቁ ቆይተዋል። አሥራ ዘጠኝ ሴቶች አነጋግሬያለሁ። በእኛ አካባቢ የጋራ የሣር መሬታችን ጓሳው እንዳይታጨድ ተዘግቶ በሚከርምበት ጊዜ፣ ሣሩ መድረሱን መጀመሪያ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ገበያ ሲሄዱ ዳር ዳሩን ያልፉና አንዲት ሰበዝ መዝዘው ጣታቸው ላይ ይጠመጥሟታል። ከተሰበረች ገና ነው፤ እንደ ክር ከታዘዘች ደርሷል። እቤት ገብተው ለባሎቻቸው ይነግራሉ፤ ባሎቻቸው ደግሞ በማግስቱ ስብሰባው ላይ እንደ ራሳቸው ሐሳብ ያቀርቡታል። ጥናቴ ይኸው ነው። ቀላል መሰለህ? ሰበዟን ማን እንደሚመዛት እስክትጠይቅ ድረስ ማንም አይነግርህም።

ያስቸገረኝ መግቢያው ነው። ክፍላችን ውስጥ ሁላችንም የምንጽፈው በአንድ መንገድ ነው። ከዓለም እንነሳለን፣ አፍሪካ ላይ እንቆማለን፣ ኢትዮጵያን እናቋርጣለን፣ ክልሉን ዞኑን እያልን አሥረኛው ገጽ ላይ የምናጠናው ቀበሌ እንደርሳለን። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። አማካሪዬ ዶክተር አመተሥላሴ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ሰርካለም፣ ጓሳ ለመድረስ በብራዚል በኩል ነው እንዴ የሚታለፈው?» አሉኝ። በኃይሉ የሚባል የክፍሌ ልጅ አጠገቤ ነበር። የእሱ መግቢያ ከሰሜን ዋልታ ስለሚነሳ፣ ድምፁን አጥፍቶ ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

ከዚያ ነገሩኝ፤ አንተ ለተማሪዎችህ ስትነግር እንደምትውል አውቃለሁ፣ ለእኔ ግን አዲስ ነበር። በእንግሊዝኛ መግቢያ ስትጽፊ መጀመሪያ ማሳው ላይ እነማን እንዳረሱ ታሳያለሽ፤ ቀጥለሽ ሳይታረስ የቀረውን ጥግ ታሳያለሽ፤ ከዚያ እዚያች ጥግ ላይ ትቆሚያለሽ። «ጥጉን ማን እንደዘለለውም በስሙ ትጽፊያለሽ፤ አትፍሪ» አሉኝ።

አትፍሪ ማለት ቀላል ነው! እኛ መንደር ላይ ከእኔ በፊት ያረሰው ሰው አንድ ነው፤ እሱም አንተ ነህ። እኔ እኮ እንግሊዝኛ የተማርኩት በአንተ ጥናት ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ «ሐውስሆልድ» ማለት ቤተሰብ መሆኑን ያወቅኩት አሥራ አራተኛው ገጽህ ላይ ነው። ከመንደሩ የመጀመሪያው ባለ ማስተርስ ወንድሜ ነው እያልኩ ትምህርት ቤት ስንት ሰው አሰልችቻለሁ። ታዲያ እንዴት ብዬ ነው «ዘለለው» የምልህ?

ስለዚህ ሁለት ገጽ ሙሉ አመሰገንኩህና፣ «እምሩ መኳንንት ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ አጥንቶታል» ብዬ ዘጋሁት። ዶክተሯ ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡት። «ሙሉ በሙሉ ካጠናው፣ አንቺ ምን ቀረኝ ብለሽ መጣሽ?» ክፍሉ በሳቅ አለቀ። መግቢያውን ካላስተካከልኩ እንደማይፈርሙ ግን ያለ ሳቅ ነገሩኝ።

በኃይሉ ሊያጽናናኝ ብሎ፣ «ወንድምሽን ዝም ብለሽ ዝለዪው! ‹በአካባቢው ጥናት አልተደረገም› በይና እለፊ። ማን መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ይፈልገዋል?» አለኝ። አልዋሽህም፣ አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩበት። አልሆነልኝም። እዚህ ጋ ጎደለው ብልህ፣ ቢያንስ እዚያ ነበርክ። ጨርሶ ብተውህ ግን አልነበርክም ማለት ነው።

ለፋሲካ ቤት ስመጣ ሳጥንህን ከፈትኩ፤ ይቅርታ። ማስታወሻዎችህ መሃል የመቅጃህን ሚሞሪ ካርድ አገኘሁ። የድሮ ድምፅህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ እንዴት ትጣደፋለህ! ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ፣ «ጓሳው መቼ እንደሚከፈት እንዴት ይወሰናል?» ብለህ አባባን ትጠይቃለህ። «ተሰብስበን እንወስናለን» ይልሃል። ወዲያው ከጓዳ በኩል የእማዬ ድምፅ ይመጣል።

«ኧረ እምሩዬ፣ መድረሱንስ መጀመሪያ የሚያየው ማን ይመስልሃል?»

«እማዬ፣ አንዴ ቆይ፤ እየቀዳሁ ነው።»

ከዚያ ብርጭቆ ሲቀመጥ ይሰማል። ሌላ ነገር የለም።

በማግስቱ ለሁለቱም አሰማኋቸው። አባባ ወዲያው ተነሳ፤ «እኔ የተጠየቅኩትን መለስኩ! መቼ ይከፈታል አለኝ፣ ነገርኩት። ማን ያየዋል አላለኝም!»

«ብሎህስ ቢሆን፣ እኔ ነኝ ትል ነበር» አለች እማዬ።

«እና እኔ ሣር አላይም?»

«ታያለህ እንጂ፣ በቅሎህ ላይ ሆነህ። ከዚያ ላይ ሆነው ሲያዩት ሁሉም የደረሰ ይመስላል።»

ያን ቀን ጽፌው የነበረውን ሦስተኛ አንቀጽ በአማርኛ መልሼ አነበብኩላቸው። ላንተም ይኸው፦ «እምሩ መኳንንት የጓሳን የአጠባበቅ ደንብ በጥንቃቄ የመዘገበ የመጀመሪያው አጥኚ ነው። ይሁን እንጂ ያነጋገራቸው አርባ ሁለቱም ሰዎች ወንዶች ነበሩ። ሣሩ መድረሱን ማን እንደሚያውቅ አልጠየቀም። ይህ ጥናት ከዚያ ጥያቄ ይነሳል።»

እማዬ ፊቷ ጠቆረ። «አውጪው። ይከፋዋል። ልጁ ሥራ ላይ ነበር።»

«ካወጣሁት መግቢያ የለኝም፤ ያለ መግቢያ ደግሞ አያሳልፉኝም።»

አባባ ወደ እኔ ዞረ። «ስሙን በክብር ነው የጻፍሽው?»

«በክብር ነው አባባ።»

«እንግሊዝኛው ላይም?»

«እንግሊዝኛው ላይም።»

«እንግዲያው ይቀመጥ!» አለ። «እምሩ መኳንንትን ሰርካለም መኳንንት አረመችው። የረታውም መኳንንት፣ የተረታውም መኳንንት። ይህን የሚያህል ነገር ማን አባት አግኝቷል?»

እማዬም ሳቀች። የእሷ ስም የትም ቦታ እንደሌለ ትዝ ያለኝ ከሳቃችን በኋላ ነው። ደንቡ ስለማይፈቅድ መልስ ሰጪዎቹን በቁጥር ነው የጻፍኳቸው፤ እሷ ቁጥር ሰባት ናት።

ስለዚህ ጋሼ፣ አንቀጹን አላወጣሁትም። ዶክተር አመተሥላሴ ከትናንት በስቲያ አንብበው፣ «አሁን መግቢያ ሆነ» ብለው ፈረሙበት። በደስታ ከቢሮአቸው እስከ መናኸሪያው በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ መኖሩም ትዝ አላለኝ። አሁን ደግሞ እግሬ ማረፍ እምቢ ብሏል፤ ለዶክትሬት የት የት ማመልከት እንደምችል መዝግቤያለሁ፣ ቅጾቹን መሙላት ጀምሬያለሁ። ከእኔ በኋላ የምትመጣውም ልጅ የእኔን ስም ጽፋ «ይህን አላየችም» ብትል ደስ ይለኛል። አሁን እንዲህ እላለሁ፤ ሲደርስብኝ ግን ሳልናደድ አልቀርም።

ብትቆጣ እኔን ተቆጣኝ፤ እችለዋለሁ። አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። ካርዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ካዳመጥከው በኋላ ለእማዬ ደውልላት። የእኔን ጥናት አታንሳባት፤ ይቅርታም አትጠይቃት፣ ትደነግጣለች። ሣሩ መድረሱን ማን ያየዋል ብለህ ብቻ ጠይቃት፤ ከዚያ ዝም ብለህ ስማት። ስትናገር ዙሪያ ጥምጥም ነው የምትሄደው፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ጎረቤቶቿ፣ ስለ ዝናቡ ታወራለች። አትቸኩል።

እኔ መልሱን እስከ መጨረሻው አውቀዋለሁ፤ ስልሳ ሦስት ገጽ ጽፌበታለሁ። እሷ ግን መናገር የጀመረችው ለአንተ ነበር።

አባባና እማዬ፣ ከእነ ባለቤትህና ከእነ ልጆችህ ጻድቃኔ ማርያም ከክፉ ትሰውራችሁ፣ ውላችሁ ግቡ ብለው መርቀዋችኋል። እኔም ጉልበትህን ስሜያለሁ።

አክባሪህና ታናሽ እህትህ
ሰርካለም መኳንንት