«ጊዜያዊ» የሚለው መግቢያ

ጥቅምት 4
ሥራ ገብቶ «አዲሷ ልጅ» መባል የሚቀረው መቼ ነው? ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ፤ አለቃዬ ዛሬም «አዲሷ፣ ነይ እስቲ» አለኝ። የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ሲከፈት ሃያ ስድስት የመግቢያ ስም ይደረደራል። የቅየሳ ቢሯችን ሠራተኛ ደግሞ ዘጠኝ! «ይሄን ሰልፍ አሳጥሪልኝ» አለኝ። ደስ አለኝ። የተማርኩትን የኮምፒውተር ሥራ አገኘሁ... በመጨረሻ።

ጥቅምት 5
ጨረስኩ። የለቀቁትን ሁሉ ሰረዝኩ። አንዱ ስም የሰው አይደለም፤ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ ራሱ ፋይል ሲገለብጥ የሚጠቀምበት ነው። «የሲስተም ተጠቃሚ» ብዬ መዘገብኩት፤ ከመግቢያው ገጽ ተሰወረ፣ ሥራውን ግን ይሠራል። «ጊዜያዊ» የሚልም ነበር። የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ሰረዝኩት።
ዘጠኝ ስም፣ ጥርት ያለ! «እጅሽ ይባረክ» አለኝ አለቃዬ። ስንጎራደድ ዋልኩ።

ጥቅምት 6
ለሁለት ትልልቅ ድርጅቶች ማመልከቻ ላክሁ። እዚህ አርጅቼ ልቅር እንዴ?

ጥቅምት 8
በምሳ ሰዓት የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመዋል። መወልወያው ብብታቸው ሥር።
«ልጄ፣ እዚህ ጋ 'ጊዜያዊ' የሚል ነበር። ዓይኔ ነው?»
«ምን ያደርጉበት ነበር?» አልኳቸው።
ለካስ አራት ዓመት ሙሉ ምሳቸውን እየተዉ በእሱ ገብተው ሲጽፉ ኖረዋል። የይለፍ ቃሉን የሰጠቻቸው የድሮዋ እንግዳ ተቀባይ ናት። ታናሽ እህታቸውን የመርሳት በሽታ ይዟታል። እትዬ የሁለቱን ልጅነት በቀን አንድ ገጽ ይጽፋሉ፣ ያትማሉ፣ ቤት ገብተው ያነቡላታል።
«ሦስት ቀን ባዶ እጄን ገባሁ» አሉ።
«የታተሙትስ የሉም?»
«እሷ እንደ መሐረብ አጣጥፋ የምትወሽቅበትን ማን ያውቃል! እኔም ብሆን የጻፍኩትን ከራሴ አውጥቼዋለሁ፤ ድገሚው ብትይኝ አልችልም።»
መዋሸት አማረኝ። «እኔ ነኝ የሰረዝኩት» አልኩ።
«አውቀሽ ነው?»
«አላወቅኩም፣ እትዬ።»
«በይ እንግዲያው ፈልጊ።»

ጥቅምት 9
አለ!! ስሙን ብቻ ነው የሰረዝኩት፣ ፎልደሩ ተቀምጧል። ባለቤት በሚለው ቦታ ግን ስም ጠፍቶ ቁጥር ብቻ... 1014። ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። አንዱንም አላነበብኩም። እሺ፣ አንዱን። ጉድጓድ ስለገባ ጫማ ነው። ብቻዬን ስስቅ እንግዳ ተቀባይዋ ዞራ አየችኝ።
በቀጥታ አለቃዬ ጋ።
«ለእትዬ በስማቸው መግቢያ ልክፈት?»
«ለጽዳት? ምን ሊያደርግላቸው?»
«ሠራተኛ አይደሉም እንዴ?»
እስክሪብቶውን አሽከረከረ። «ናቸው እንጂ... ዘጠኝ ነን ብለሽኝ አልነበር?»
«ተሳስቼ ነው። አሥር ነን።»
«ወይ አንቺ ልጅ!» አለና ሳቀ። ክፈቺ አለኝ።

ጥቅምት 10
ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፍኩ። ፎልደሩን ከቁጥሩ ወደ እሳቸው አዛወርኩ።
ስክሪኑ ላይ የወጣውን ስማቸውን ሊነኩት አሉና እጃቸው እርጥብ ስለነበር መጀመሪያ በቀሚሳቸው ጠረጉት።
«የእኔ ስም ነው?»
«የእርስዎ ነው።»
የይለፍ ቃላቸውን ሲመርጡ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ለምስጢሩ ብቻ አልነበረም...

ጥቅምት 11
አንድ ገጽ ታተመ። እትዬ አጣጥፈው በቀሚሳቸው ደረት ውስጥ ከተቱት።

ጥቅምት 17
ካመለከትኩባቸው አንዱ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። «ሁለት ሳምንት ስጡኝ» አልኩ። ለምን? እንጃ።
ምሳ ላይ እትዬ ሁለተኛ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። እህታቸው የማን ልጅነት እንደሆነ መለየት ትታለች አሉ። «የእኔም ይሁን የእሷ፣ የጎረቤትም ይሁን፣ ያው ትስቃለች። ብቻ ትሳቅልኝ። የእኔ ትዝታ ግን እያለቀብኝ ነው።» ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፉት።
«በይ ልጄ፣ አንቺም ከልጅነትሽ አንድ ገጽ ጻፊላት። አታርዝሚው ታዲያ፤ ቶሎ ይደክማታል።»