የኖላዊት ቁመት በክር

እህት ዓለም ሰብልዬ፣

“አየሃት ወይ?” ብለሽ በስልክ ስትጠይቂኝ ኔትወርክ ተቆረጠብኝ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ልጅሽን አይቻታለሁ፣ ደህና ናት፤ ቀሪውን ግን ድምፅሽን እየሰማሁ መናገር አቃተኝ። ለመሆኑ አንቺ እንዴት ከረምሽ? ራስ ምታቱ ለቀቀሽ? እዚያ ሀዋሳ የምታድሩበት ክፍል አሁንም ስምንት ናችሁ ወይስ ቀነሱላችሁ? እጅሽንስ ሳሙናው አልላጠውም? እኛ ጌታ ይመስገን፣ በሽታው በወሬ እንጂ በአካል ቤታችን አልገባም። እማ ብቻ አምልኮ ከተዘጋ ወዲህ እሑድ እሑድ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ትቀመጣለች። የት ልትሄጂ ነው ስንላት “የትም” ትላለች።

ያልመጣሽበት ሦስተኛው ቅዳሜ፣ ግንቦት ሃያ ዘጠኝ፣ አለፈ። ከእንድሪያስ ጋር ስትለያዩ ኖላዊት አባቷ ዘንድ እንድትቆይ፣ አንቺም በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ምዕራብ ዓባያ እየመጣሽ እንድትወስጃት የተስማማችሁበትን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሕግ ከተመረቅሁ ገና ሦስት ወሬ ነበር፤ ለመጻፍ እጄን ይበላኝ ነበር። እንድሪያስ ልጅቷን እንዳይደብቅብሽ ብዬ፣ አባት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ባያቀርባት ወደ እናቷ ትሄዳለች የሚል አስገባሁ። ሽማግሌዎቹ ሚዛኑን ጠብቅ ሲሉኝ ደግሞ፣ እናት ሦስት ጊዜ በተከታታይ በአካል ባትቀርብ የመጠየቂያውን ቀን አባት ይወስናል ብዬ ጨመርኩ። “በአካል” በል ያለኝ ማንም አልነበረም፤ የሕግ ቃል ስለመሰለኝ ብቻ ነው። አንቺም “ምን ሦስት፣ አንድም ቀን አልቀር” ብለሽ እየሳቅሽ ፈረምሽ። መንገድ ይዘጋል፣ የምትሠሪበት ፋብሪካም የወጣ አይመለስም ይላል ብሎ ማን ያስባል?

ቀኑ ከመድረሱ በፊት አቤቱታ ጽፌ ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር። የበሩ ጥበቃ እጄን አስታጥቦ፣ የምንቀበለው አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ነው አለኝ። አስቸኳይ ነው አልኩት። “የታሰረ ሰው አለ?” የለም። “የተደበደበ?” የለም። “ታዲያ እናት ልጇን ናፈቀች ተብሎ ዳኛ ከቤቱ ይጠራል? ኮሮና ይለፍና ና፣ ወንድሜ” አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ወረቀቱን ከሩቅ አየት አድርጎ “ጽሕፈትህ ግን ያምራል” ብሎ አጽናናኝ።

ስለዚህ በአንቺ ፈንታ ልቁም ብዬ በካሱ የሙዝ መኪና ሄድኩ። እንድሪያስ በሩ ላይ ውሃና ሳሙና አስቀምጧል፤ ከአጥሩ ወዲያ አላሳለፈኝም። “ወረቀቱ በአካል ይላል፤ የጻፍከውም አንተ ነህ። አንተ ሰብለ ነህ?” አለኝ። ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት አልኩ፣ አንቀጽ ጠቀስኩ። አስጨርሶኝ ሲያበቃ፣ ሺህ ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ከሚውልበት መጥታ ልጄን ብታቅፋት፣ ልጄ ደግሞ አስም ያለባትን እናቴን ብታቅፋት፣ ያንተ አንቀጽ ይቀብርልኛል ወይ አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ቀኑን የምወስነው እኔ ነኝ፣ በሽታው ጠፋ እስኪባል ድረስ ቀን የለም አለ። ይኸው ነው፣ እህቴ። ስልክ ያዘጋኝ ይሄ ነው።

ኖላዊት ድምፄን ሰምታ ወጣች። በሙዙ ቅጠሎች መካከል ቆማ፣ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ የወለቁትን ሁለት ጥርሶቿን አሳየችኝ። አንቺ በደወልሽ ቁጥር “ረስታኝ ይሆን?” ትያለሽ አይደል? እሷ የጠየቀችኝ ሌላ ነው። “አጎቴ፣ እማ ስትመጣ ታውቀኛለች? እኔኮ በጣም አድጌያለሁ” አለችኝ።

የእንድሪያስ እናት እማማ ሻሺቱ ደጁ ላይ ጥጥ እየፈተሉ ይሰሙን ነበር። ከመቀመጫቸው ተነሡ። ልጅቷን ከበሩ መቃን ጋር አቁመው፣ ከእንዝርቱ ክር ስበው ከተረከዟ እስከ አናቷ ለኩና በጥርሳቸው በጠሱት። እንድሪያስ “እማ፣ ምን መሆንሽ ነው?” ቢላቸው “ለምን፣ ወረቀታችሁ ስለ ክር የሚለው አለ?” አሉት። ክሩን በስንጥር ላይ ጠቅልለው በአጥሩ ላይ ወረወሩልኝ። “ለእናቷ ስደድላት። እኔ ቀን አልቆረጥኩባትም በላት” አሉኝ።

ክሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ፣ አትፍሪው። አባታችን በሕይወት ሳለ ድር ሲያደራ ጥጥ ሲስቡት ይዋሻል ይለን ነበርና፣ ሳትጎትቺ ለኪው።

ፍርድ ቤት በተከፈተ ቀን በር ላይ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። የአራት ገጹን አቤቱታ አንድ ገጽ አድርጌዋለሁ፤ ያቺን “በአካል” የምትል ቃል አስነሣለሁ ብዬም ተስፋ አለኝ። መማል ግን አልደፍርም፤ አንዴ እርግጠኛ ሆኜ ጽፌ ይሄን አመጣሁብሽ። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፤ ዝም ብቻ አትበይኝ።

እማ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስማለች። በእሷ ፊት ክሩን አላወጣሁትም፤ ካየችው አትለቀውም። ታናሻችን ዕድላዊት፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት የሒሳብ መጽሐፌን ሁለቴ ጨረስኩት በላት ብላለች። አሁን የሚያልፈው ጭነት ብቻ ስለሆነ ደብዳቤውን ካሱ ያደርስልሻል። ሙዙን አራግፎ ሐሙስ ይመለሳል፤ መልስሽን ለእሱ ስጪው። ሌላ ምንም ባትጽፊ ይቺን ብቻ ጻፊልኝ፦ የክሩን አንድ ጫፍ በእግርሽ ረግጠሽ ሌላውን ወደ ላይ ያዢውና የትሽ ጋ እንደደረሰች እዪ። ወገብሽ ጋ ነው? ከደረትሽ በታች? ቅዳሜ አጥሩ ጋ ቆሜ ልነግራት ቃል ገብቼያለሁ፤ እየጠበቀች ነው።

ወንድምሽ አጵሎስ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ሰኔ 2 ቀን 2012 ዓ.ም.