ሁለት አባት ያለው ቁልፍ

ሰኞ

በረከት አልፈረመልኝም። ስድስት ዓመት አብረን ሠርተን፣ ስንት ምሳ ከአንድ ትሪ በልተን፣ ትናንት መታወቂያዬን አገላብጦ አገላብጦ "ሌሊ ይቅርታ፣ አልችልም" አለኝ። ጉድ እኮ ነው!

ኮምፒውተር ላይ የሠራሁት የዲጂታል ፊርማ ቁልፍ "ሌሊሴ ቱሉ" ይላል። መታወቂያዬ "ሌሊሴ ታደሰ" ይላል። እንዲህ ያለ ቁልፍ የሚፈረመው ደግሞ በአካል ተገናኝቶ፣ መታወቂያውን ከፊት ጋር አስተያይቶ፣ የቁልፉን ረጅም ቁጥር አንድ በአንድ ሰምቶ፣ ስሙ ከገጠመ ብቻ ነው። ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ አንዷን አልሳትኩም። ስሙ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"አታውቀኝም እንዴ?" አልኩት።

"አንቺን አውቅሻለሁ። ፊርማዬ ግን መታወቂያዋን አይቻለሁ ነው የሚለው።"

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። የሚያናድደኝ ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው።

በሥራችን ደንብ ሁለት ፊርማ ነው የሚያስፈልገኝ፤ የእሱና ከናይሮቢ የመጣችው ባልደረባችን የዋንጂሩ። እሷ በሚመጣው ሰኞ ትሄዳለች። ያለ እነሱ ፊርማ የአፋን ኦሮሞ ማረሚያዬን ማውጣት አልችልም። ሰው ሲጽፍ የተሳሳተውን ቃል በቀይ የሚያሰምር ፕሮግራም ነው። ቃላቱን የሰጠኝ አቦ ነው፣ አባቴ። የከብት መልክ፣ የሣር ዓይነት፣ የእርሻ ዕቃ። ፕሮግራሙ የእሱን ቃል በቀይ ሲያሰምርበት "ተይው፣ ይሄ ማሽን ከብት አያውቅም" እያለ ይስቅ ነበር። በማን ስም ላውጣው ታዲያ?

አቦ ደግሞ ታሟል። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤቱ ይሁን ብለዋል።

ማክሰኞ

ወረዳ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ጥሩ ልጅ ናት። "የአባት ስም ከሆነ ፍርድ ቤት ነው እህቴ" አለችኝ። ወላጅ አባት ይቀርባል። መታወቂያው ላይ ያለው አባት ይቀርብና "ልጄ አይደለችም" ብሎ ቃሉን ይሰጣል። ምስክር ይሰማል። ከዚያ ቀጠሮ። አቦ ከአልጋ አይነሳም፣ ምኑን ይቀርባል!

ታደሰ ማለት ጋሼ ነው፣ የእናቴ ወንድም። እናቴ ስትሞት ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አቦ ያኔ ገበሬ ነው፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት ላይ። ጋሼ ሲ.ኤም.ሲ ወስዶ ትምህርት ቤት ሲያስገባኝ "የማን ልጅ ናት?" አሉት፤ "የእኔ" አለ። በቃ። የስንቱ ልጅ እንዲህ አይደል የተመዘገበው? ክፍላችን ውስጥ በአጎቱ፣ በአክስቱ ባል ስም የሚጠራው ብዙ ነበር። ማንም ክፉ አላሰበም። ስሙ ግን ከሪፖርት ካርድ ወደ ዲግሪ፣ ከዲግሪ ወደ መታወቂያ እየተከተለኝ መጣ።

ረቡዕ

እንጦጦ ወጣሁ። አቦ መሬቱ ከሄደ ጀምሮ ከማርያም በታች አንድ ግቢ ይጠብቅ ነበር፤ አሁንም እዚያው ግቢ አንዲት ክፍል ውስጥ ተኝቷል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ብርድ ልብስ ደረብኩለት፣ አጥሚት አቀመስኩት፣ ሁለት ማንኪያ ወሰደ።

"ይሄ ቁልፍ የምትዪው ምኑን ነው የሚከፍተው?" አለኝ።

"ምንም አይከፍትም አቦ። እንደ ማኅተም በለው። ሥራዬ ላይ ሳሳርፈው ሌላ ሰው እንዳልነካካው ይታወቃል።"

"ማኅተሙ ያንቺ መሆኑንስ ማን አወቀ?"

"የሚያውቁኝ ሰዎች ይፈርሙበታል።"

"ምስክር ነው በይኛ!" ደስ አለው። ቀጥሎ "የማን ልጅ ብለሽ ጻፍሽ?" አለ።

"ቱሉ" አልኩ።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "በእኔ ስም የሚጠራ ሰው ሳይኖር ልሄድ ነው እያልኩ ነበር" አለኝ። ይሄን ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። አንጀቴን በላኝ።

"ፈረሙልሽ?" ሲለኝ "እሑድ ይፈርማሉ" አልኩት። ውሸታም ነኝ።

ሐሙስ

ጋሼ ጋር ሄጄ ነገርኩት። ሬዲዮኑን ዘጋው።

"ዳኛ ፊት ቆሜ ልጄ አይደለችም ልበል?"

ሻዩን ወደ እሱ ገፋ አደረግኩለት።

"የወላጆች ስብሰባ አንድ ቀን እንኳ ቀርቼ አውቃለሁ?"

"አታውቅም ጋሼ።"

"እላለሁ። ለቱሉ ከሆነ እላለሁ" አለና ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ሻዩን አልነካውም። ምነው ምላሴን በቆረጠው! የሁለት ሰው ልጅ ሆኜ ሁለቱንም አስለቀስኩ።

ዓርብ

ጋሼ በጠዋት ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫት አድርጎ ደጄ ላይ ቆሟል። "መጀመሪያ ለቱሉ ልንገረው፣ ከዚያ ፍርድ ቤት" አለ። አብረን ወጣን። ከሽሮ ሜዳ በላይ ሚኒባሱ ውስጥ ክራቫቱን አሥሬ አስተካከለ።

አቦ ሲያየው "ታዴ፣ ገና አልሞትኩም እኮ! ምን ሱፍ አስለበሰህ?" አለው። ጋሼ አልሳቀም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገረው፣ እኔ የዋሸሁትንም ጭምር።

አቦ ክርኑን ተደግፎ ቀና ለማለት ሞከረ። "ወስደህ አሳደግካት፣ አስተማርካት፤ አሁን ዳኛ ፊት ልትክዳት ነው? ይሄ ቃል ከአፍህ ከወጣ እኔና አንተ ተቆራርጠናል።"

"ቱሌ፣ ስምህ ነው እኮ።"

"ስሜ የትም አይሄድም። ነውር ነገር አታምጣብኝ።"

ከዚያ ጋሼን በኦሮምኛ ቀስ ብሎ አናገረው፤ አልሰማሁትም። እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆዩ። ወደ እኔ ዞሮ "አንቺ ውሸታም፣ በታደሰ ስም አስፈርሚ" አለኝ።

"ያንተስ አቦ?"

"እኔንማ ስትጠሪኝ አቤት እላለሁ።"

ሳሉ ተነሳበት። ጋሼ ደግፎ ውሃ አጠጣው። ክራቫቱ ረጠበ።

ቅዳሜ

አቦ ዛሬ ጠዋት ሞተ። ደውለውልኝ ስደርስ እጁ ገና ሙቅ ነበር። "አቦ" አልኩት። ደጋግሜ ጠራሁት። አቤት አላለኝም።

እሑድ

ቀበርነው። የዕድሩ ሰው የሕይወት ታሪኩን አነበበ፤ አጭር ነው። ተወለደ፣ አረሰ፣ ጥበቃ ሠራ፣ "የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ"። ስሜን አላነበበም። ማን ብሎ እንደሚጽፈኝ ግራ ገብቶት ይሆናል፤ አልፈረድኩበትም። ግን ጮኼ አለቀስኩ።

በረከትና ዋንጂሩ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። በረከት እየፈራ እየቸረ "ሌሊ፣ አንድ ቁልፍ ላይ ሁለት ስም መጨመር ይቻላል እኮ። የምንፈርመው በየስሙ ነው" አለኝ። ለቅሶ ላይ! ልቆጣ ስል ጋሼ ሰማ። "አባቷ የተናዘዘው ይሄንኑ ነው። የናይሮቢዋ ልጅ ነገ የምትሄድ ከሆነ መታወቂያሽን አምጪ" አለኝ።

ድንኳኑ ጥግ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ቁልፌ ላይ "ሌሊሴ ታደሰ" የሚለውን ጨመርኩ። ቁጥሩን አነበብኩ። ዋንጂሩ ፎቶውን ይዛ ብዙ አየችኝ። ፊቴ በልቅሶ አብጦ ፎቶውን አይመስልም። በመጨረሻ አቀፈችኝ።

ሁለቱም ታደሰ ላይ ፈረሙ። ቱሉ ላይ ማንም አልፈረመም። ልክ ናቸው፤ ያዩት መታወቂያ የለም።

ረቡዕ

ለቀስተኛው ቀንሷል። ጋሼ ከሰዓት በኋላ የድሮ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ።

"ቱሉ የሚለው ላይ ማን ፈረመ?"

"ከእኔ በቀር ማንም።"

"እኔ ብፈርምስ?"

"የራስህ ቁልፍ ያስፈልግሃል ጋሼ። መታወቂያም አላየህም።"

"ምን ያደርግልኛል መታወቂያ! ከእጁ የተቀበልኩሽ እኔ አይደለሁ?"

ክርክር የለም። ቁልፍ ሠራንለት። የሚስጥር ቃሉን ምረጥ ስለው ጮክ ብሎ ነገረኝ። "ጋሼ፣ አይነገርም እኮ!" ስለው ሌላ መረጠ፣ እሱንም ነገረኝ። በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ሦስተኛውን በስንት ልመና ደበቀኝ።

የአንተ ፊርማ ለእነ በረከት አይቆጠርም፣ ያንተው ቁልፍ ላይ ማንም አልፈረመማ አልኩት፤ በኋላ እንዳይከፋው ብዬ። "እነሱ አይቁጠሩት" አለ።

ማረሚያው ነገ ይወጣል፣ በታደሰ ስም። የአቦ ቃላት ውስጡ አሉ። ልክ ሠርቼ እንደሆነ አላውቅም። አንዳንዴ የቀበርኩት ሁለቴ ይመስለኛል።

ጋሼ መነጽሩን አድርጎ ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ እኔ ከራሴ ላፕቶፕ እያየሁ "አዎ፣ አዎ" አልኩ። አላቻኮልኩትም። ሲጨርስ "እዚህ ጋ ልጫን?" አለ፤ ተጫነ። ከሌሊሴ ቱሉ ሥር ታደሰ የሚል ስም መጣ። ጋሼ ስክሪኑን ነካ አድርጎ "ይኸው ቱሌ፣ ልጅህ ናት ብያለሁ። የእኔም አይደለችም አላልኩም" አለ።

ከዚያ መነጽሩን አውልቆ አለቀሰ። አቦ ከሞተ ጀምሮ ሲያለቅስ ሳየው ገና ዛሬ ነው።