የሐይቁ ባለተራ

ይድረስ ለአባዬ፣

አፈሩ ይቅለልህ፤ አላህ ጀነቱን ይወፍቅህ። ከተለያየን ይኸው ሦስተኛው ክረምት ሆነ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ ደህና ነው፤ ዛሬም ስታማህ ነው የዋለችው።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርህ። ወንድምህን፣ አጎቴ ሰይድን፣ አስቀይሜዋለሁ። አልጸጸትም።

ነገሩ የሐይቃችን ነው። ልጅ ሳለሁ ውሃው ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነበር። እሁድ እሁድ የቆቦ መምህራንና የጤና ጣቢያ ሠራተኞች በባጃጅ ተጭነው ይመጣሉ፤ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ፎቶ ይነሳሉ፤ አንተ ደግሞ ዋና የማያውቀውን ሁሉ ከጥልቁ ስታባርር ትውላለህ። ዝናብ የጠፋ ጊዜ ሐይቁ ደርቆ ጭቃው ተሰነጠቀና ሰው ሁሉ አበቃለት አለ። አንተ ግን የውሃ አባት ነበርክ። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ለገበሬው በተራ ስታከፋፍል፣ ለሐይቁም እንደ አንድ ገበሬ ተራ ሰጠኸው። ለዋናና ለጀልባ ደግሞ ውሃ ይሰጣል እንዴ ብለው ሳቁብህ። ዓመቱን ሙሉ የሚለፋ ሰው አረፍ የሚልበትም ያስፈልገዋል ብለህ ድርቅ አልክ። ሐይቁም ቀስ በቀስ ሞላ።

ደንቡን ካንተ ነው የተማርኩት። ጎርፉ ሲደርስ ባለተራው ቦዩ አፍ ላይ በአካል ካልተገኘ ተራው ያልፈዋል፤ ከቆመ ግን ተራው እስኪያልቅ ማንም አይዘጋበትም። ለሐይቁ የምትቆመው አንተ ነበርክ። አንተ ስትሞት ማን ይቁምለት? እኛ ለቅሶ ላይ ሳለን ጎርፉ መጣ፤ ባለተራ የለም ተባለና ውሃው ወደ እርሻ ዞረ። በሚቀጥለውም ክረምት እንዲሁ። ሐይቁ ሸሸ። ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ቀሩ። ባለ ሻይ ቤቱም ወንበሮቹን ሰብስቦ ሮቢት ከተማ ገባ።

ዘንድሮ አጎቴ ከሁሉ ቀድሞ የደረቀውን የሐይቁን ወለል አርሶ ማሽላ ዘራበት። ለሐይቁ ተራ እኔ እንደምቆም ሳይዘራ ነግሬዋለሁ፤ ያውም ሰው ፊት። ሴት ልጅ ምን አግብቷት የውሃ ተራ ትጠይቃለች አለ። ደንቡ ባለተራ ይቁም ይላል እንጂ ወንድ ይቁም አይልም።

ነሐሴ ላይ ተራራው ሲጠቁር አካፋህን ይዤ ወረድኩና ቦዩን ለሐይቁ ከፍቼ አፉ ላይ ቆምኩ። አጎቴ ሊዘጋብኝ እየሮጠ መጣ። ላንተ አልዋሽም፣ ፈርቼ ነበር። ግን ፈቀቅ አላልኩም። ገበሬው ሁሉ ከበበን። በመጨረሻ በቦታህ የተተኩት ሽማግሌ ባለተራ ቆማለች፣ እንዳትነካት ብለው ፈረዱ። አጎቴ አካፋውን ጥሎ ሄደ። ውሃው ገባ፤ ማሽላው ሰጠመ።

ማሽላው አሳዝኖኛል፤ እህል ነውና። ከጎተራችን ብልክለት መለሰው። ይመልስ። ለመውሊድ እንኳ ልጆቹ ደጃችንን አልረገጡም። እማዬ በዚህ ታለቅሳለች። አንተም እንደምትወደው አውቃለሁ፤ ስለ እሱ ከተቆጣኸኝ ተቆጣ። ግን የሐይቁን ውሃ የወሰዱብን ሌቦች አይደሉም፤ ውሃው የሄደው ሐይቁ የሚቆምለት ሰው በማጣቱ ነው። ልጅ እያለህ እንዴት እንዲህ ይባላል?

ውሃው ገና እንደ ድሮው አይደለም። ያለፈው እሁድ ግን የቆቦ ሰዎች መጥተው ጀልባ ጠየቁ። ጭቃውን ጠርገን አንዷን አስገባንላቸው።

ዱዓው አይቋረጥብህም፤ ሰደቃህንም እናወጣለን። ይህን ለሟቹ የማያደርግ የለም። እኔ ከዚህ ሌላ ቃል እገባልሃለሁ። አጎቴ ለከርሞ እንደገና ቢያርሰው እንደገና አሰጥመዋለሁ። ተራ ሲጠራ ሐይቁ ሲባል፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ አቤት የምለው እኔ ነኝ።

ልጅህ ዘሀራ