ካምቢዮውን ያየልን ሰው

ለማከብርዎት እህቴ ለእትዬ ሸዋዬ፣
መቱ

እንደምን ከርመዋል እትዬ? ያ የሚያስቸግርዎት የወገብ ሕመም በዚያ አገር ዝናብ አልባሰብዎትም? የጋሼ ደምሴ ሳልስ ተሻላቸው? ልጅዎ መቅደላ ከወለደች ወዲህ እንዴት ናት? ልጁስ ጡት ይጠባል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የመርሳ ሙቀት እንደሚያውቁት ነው፤ ማንጎው ግን ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

ይህን በስልክ እንዳልነግርዎት ባለቤቴ ህሊና ከአጠገቤ አትርቅም። ጎረቤታችን አብዱልመሊክ ቡና ሊገዛ ወደ እናንተ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ቢያፍሩብኝም ይሰሙኛል ብዬ ነው።

ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ወልድያ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ሚኒባሱ ተገልብጦ ግራ እግሯ መሰበሩን ያውቃሉ። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጉልበቷ ግን እንደ ድሮው አይታጠፍም። ተጨናንቆ መሳፈር ስለከበዳት መኪና ልንገዛ ወሰንን። መንጃ ፈቃድ ያላት እሷ ናት፤ እኔ ከመሥሪያ ቤት ሞተር ብስክሌት ሌላ ነድቼ አላውቅም። ፍሪሲዮን የሚረግጠው ግራ እግሯ ስለማይታዘዝላት መኪናው የግድ አውቶማቲክ መሆን ነበረበት።

ወልድያ ያለ ደሞዜ የሚባል ደላላ አንዲት ያገለገለች ነጭ መኪና አሳየን። ላይዋ ያብረቀርቃል። ያማከርነው ሰው ሁሉ ግን፣ አውቶማቲክ ከሆነች ማርሽ የሚቀይርላትን ካምቢዮዋን ሳታስመረምሩ እንዳትገዙ፣ እሱ ከተበላሸ የሚጠግንላችሁ አታገኙም አለን። ማን ይመርምርልን ስንል ደግሞ የሁሉም መልስ አንድ ሆነ፤ ፍፁም።

ይህን ፍፁም ሳያስታውሱት አይቀሩም። የግራና ከተማ ልጅ ነው፤ ከእኛ በፊት ለህሊና ሽማግሌ የላከው። አባቷ እሺ ሊሉ ሲሉ እሷ እምቢ አለች ሲባል ሰምተናል። ከዚያ አዲስ አበባ ገብቶ ሙያውን ተምሮ፣ ተመልሶ ወልድያ ላይ ጋራዥ ከፍቷል። እስካሁን አላገባም።

ሌላ መካኒክ እንፈልግ አልኳት። ህሊና ስልኳን አውጥታ ደወለችለት። ቁጥሩን ከማንም አልጠየቀችም፤ ስልኳ ውስጥ ነበር። «ፍፄ» ብላ ነው የጠራችው። እኔን ባሏን «ይታገሱ» እያለች በሙሉ ስሜ ነው የምትጠራኝ።

ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀው እግሯን ነው፤ የእኔን እጅ የጨበጠው ከዚያ በኋላ ነው። ኮፈኑ ላይ መዳፉን አሳረፈ። ደላላው ቀደም ብሎ አስነሥቷት ኖሮ ሞተሩ ሞቋል። ፍፁም፣ የሞቀ ካምቢዮ ሕመሙን ይደብቃል፣ ነገ ጠዋት ማንም ሳያስነሣት እንያት አለ። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ ነገም ሊያያት ፈልጎ ነው አልኩ።

በማግሥቱ ህሊናን መሪው ላይ አስቀመጣት። በሩን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ፣ ፍሬኑን ርገጪ፣ አሁን የኋላ ማርሽ አስገቢ፣ እስኪይዝ ጠብቂ ይላታል። መኪናዋ ዝም ብላ ትቆይና ድንገት ገፍተር ታደርጋታለች። ህሊና ትስቃለች። እንዲያ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቷል። ቀጥሎ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዝዞ በነጭ ጨርቅ ጠረገው። ቀይ መሆን የሚገባው ዘይት ጠቁሯል፤ ያረረ ያረረ ይሸታል። ጨርቁን ለእሷ ሲያስጠጋላት እኔም አፍንጫዬን አስገባሁ። ዘይቱ ገዶኝ አይደለም፤ መሃላቸው ለመግባት ነው።

ከዚያ ዳገት ላይ ልንፈትናት ወደ ድልብ ከተማ በሚወስደው መንገድ ወጣን። እሱ ይነዳል፤ ህሊና እግሯን መዘርጋት ስላለባት ከፊት ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላ። ከኋላ ሆኜ ሳያቸው፣ እትዬ፣ ባልና ሚስት መንገደኛ ጭነው የሚሄዱ ይመስላሉ። መንገደኛው እኔ ነኝ። ዳገቱ መሃል ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትጎትትም። ፍፁም ዳር ይዞ አቆመና ወደ እኔ ዞሮ፣ ካምቢዮዋ ተበልቷል፣ ብትገዛት ክረምቱን አትዘልቅልህም አለኝ።

ስንመለስ ደሞዜ ለብቻዬ ጠራኝ። ፍፁም የሌላ ደንበኛ መኪና ሊያሻሽጥ ብሎ ነው የሚያጣጥላት አለኝ። ቀጠል አድርጎም፣ ድሮ ሚስትህን የጠየቀ ሰው አይደል እንዴ አለኝ። ያቺ ቃል ደሜን አፈላችው። ቤት ስንገባ ለህሊና መኪናዋን እንደምገዛት፣ ሰውዬው ቀንቶብን እንደሆነ ነገርኳት። ድምፅዋን ሳታነሣ፣

«ይታገሱ፣ መኪና ልትገዛ ነው ወይስ ከእሱ ልትጣላ?» አለችኝ።

ሰኞ በማለዳ ቀብዱን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ከመፈረሜ በፊት ቁልፉን ተቀብዬ መሪው ላይ ተቀመጥኩ። ሲያደርጉ እንዳየሁት አስነሥቼ፣ ፍሬኑን ረግጬ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ምንም የለም። ትንሽ ቆይታ ወገቤን እንደመታኝ ሰው ገፋ አደረገችኝ። ደገምኩት፤ ያው ነው። በዕድሜዬ የአንድን ዕቃ ጤንነት እንደዚያ ቀን ተመኝቼ አላውቅም። እሷ ደኅና ብትሆን ፍፁም ውሸታም ይሆንልኝ ነበር። ቁልፉን መልሼ ወጣሁ። ገንዘቤ ስለተረፈ ደስ ሊለኝ ሲገባ እስከ መርሳ ድረስ ከፍቶኝ ነው የመጣሁት። ውሸታም ቢሆን መጥላቱ ይቀለኝ ነበር።

በኋላ መኪና ያገኘልንም እሱው ነው፤ ሐራ ከተማ ከሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ዘንድ። በጠዋት ሄደን አስነሣናት። ማርሹ ሲገባ ሳታናውጥ ያዘች፤ ዘይቷም ጥርት ያለ ቀይ ነው። ገዛናት። ለፍፁም የድካሙን ብሰጠው አልቀበልም አለ። ቢቀበለኝ እገላገለው ነበር።

ህሊና እየነዳች ስንመለስ ሲሪንቃን እንዳለፍን አላስችል አለኝና፣ ቁጥሩን ከየት አመጣሽው አልኳት። ዳር ይዛ አቆመችና ነገረችኝ። ሚኒባሱ የተገለበጠ ዕለት ከኋላ ይመጣ የነበረው ፍፁም ነው። በመስኮት አውጥቶ፣ ታቅፎ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው፤ ቁጥሩንም የያዘችው ያኔ ነው። እኔ ያን ቀን ለሥራ ኔትወርክ የሌለበት መስክ ወጥቼ ነበር። ስደርስ እግሯ በጀሶ ታስሯል፤ ማን አመጣት ብል ሁሉም አንድ መንገደኛ ነው አሉኝ።

«ያኔ ብነግርህ በስብራቴ ላይ ያንተን ኩርፊያ መሸከም ነበረብኝ፤ አቅም አልነበረኝም» አለችኝ።

ያን መንገደኛ እኮ፣ እትዬ፣ ስሙን ሳላውቅ ቤተ ክርስቲያን በሄድኩ ቁጥር ስጸልይለት ነው የኖርኩት። ስሙን ከሰማሁ ወዲህ ግን ጸሎቱን ጀምሬ አልጨርሰውም። አመስጋኝ ነኝ፤ ግን አቅፎ ያወጣት እሱ መሆኑ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሁለቱ በአንድ ሆድ አልስማማ ብለውኛል።

ለዳግማ ትንሣኤ ምሳ እንጥራው ስትል እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ። የግራና ብርቱካን ይዞ መጣ። የህሊና እናት እማማ አልታየችም ነበሩ። ማዕዱ ላይ ህሊና ጠቅለል አድርጋ እጇን ስታነሣ አየሁ። ለማን እንደሆነ ሳላጣራ ፈጠን ብዬ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ ፍፁምን አጎረስኩት። እማማ አልታየች ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የእኛ መዋደድ ደስ ብሏቸው መረቁን። እኔ ግን ያጎረስኩት እሷ እንዳትቀድመኝ ነው። ህሊና ገብቷታል። አቀርቅራ ፈገግ አለችና የጠቀለለችውን ለእኔ አጎረሰችኝ።

ጋሼ ደምሴን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ፤ ይህን ወረቀት ግን አያሳዩአቸው፣ ዕድሜ ልኬን ይስቁብኛል። መቅደላን ከነልጇ፣ እየሩሳሌምንም ለየብቻ ይሳሙልኝ። ህሊናና እማማ አልታየች ሰላም ብለዋል። ምክር ካለዎት ለአብዱልመሊክ በቃል ሳይሆን በወረቀት ይስጡት።

ታናሽ ወንድምዎ ይታገሱ
መርሳ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.