በእኔ ስም የሚሠራው ሰው

ጥቅምት 8፣ ጠዋት
ፋሻ ተቀየረ። የቀኝ እጄን ሦስት ጣቶች መጋዙ ወስዷቸዋል፣ ግን ያሳክኩኛል። ማስታወሻዬ ሆይ፣ በግራ እጄ ነው የምጽፍብሽ፣ ፊደሌን ታገሺው። ባለቤቴ አስቴር ሥራህን እንዳታጣ ትላለች፣ ጠዋት ማታ። በሥራ ላይ ተጎድቶ የሐኪም ፈቃድ ላይ ያለን ሰው ማባረር ሕግ ይከለክላል እላታለሁ። ሕጉ የምትሠራበት ጣውላ መሰንጠቂያ ግቢ ድረስ ይመጣል ወይ ትለኛለች። 

ጥቅምት 13
የሐኪም ወረቀት ላስገባ ሄድኩ። በር ላይ አዲስ ዘበኛ። ስሜን ጠየቀ። ግርማ ቱሉ አልኩት። ግርማ እኮ ውስጥ እየሠራ ነው፣ እርስዎ ማን ነዎት አለኝ። በአክብሮት ነው ያለው።

በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ አየሁ። ማሽኔ ላይ ሰው አለ። ጀርባውን ሰጥቶኛል። የለበሰው የእኔን ቱታ ነው፣ አስቴር ክርኑ ላይ የጣፈችውን። ደሙ ታጥቧል። ከጭልሞ ደን የመጣውን የጥድ ግንድ ልክ እንደ እኔ ትከሻውን ሰበር አድርጎ ወደ መጋዙ ይገፋል። ሳልጠራው ተመለስኩ። የሌሉት ጣቶቼ ቀዘቀዙ።

ጥቅምት 14
ፎርማናችን ኦቦ ቶለሳ ሊጠይቀኝ መጣ፣ ብርቱካን ይዞ። ያ ሰው የአጎቱ ልጅ ነው። ቦታህ እንዳይያዝብህ ብዬ በስምህ አስገባሁት አለኝ። የግቢያችን ልማድ ነው። ሰው ሐዘን ሲደርስበት ሌላው በስሙ ይገባል፣ ስም ሲጠራ አቤት ይልለታል። እኔም ለሰው ብያለሁ። ከልቤ አመሰገንኩት። ሲወጣ ግን ብርቱካኑን ሳልነካው አስቀመጥኩት።

ጥቅምት 20
ካሳዬን ልጠይቅ ሠራተኛ ጉዳይ ጽ/ቤት ሄድኩ። ተቆጣጣሪዋ ለአሠሪዬ ደወለች። ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። ግርማ አንድም ቀን አልቀረም፣ አልተጎዳም፣ አሁንም ማሽኑ ላይ ቆሟል ብሏታል። እጄን ፈትቼ አሳየኋት። ካሳህንም ቦታህንም ሕጉ ይጠብቅልሃል፣ መጀመሪያ ግን እዚያ የሚሠራው ግርማ አንተ መሆንህን በሰው አስመስክር አለች። መታወቂያዬን አወጣሁ። ፎቶው ሌላ ሰው መሰለኝ። ፈራሁ።

ጥቅምት 21
ቶለሳ ስልክ አያነሳም። ቢመሰክርልኝ እሱም የአጎቱ ልጅም ከሥራ ይባረራሉ። አስቴር የእነሱ እንጀራ እንጀራ፣ የእኛ ድንጋይ ነው ወይ ትላለች። እውነቷን ነው። ለእኔ ያደረገው ደግነት ነው የቀበረኝ። ለእሱም አዝናለሁ፣ እናደድበታለሁም።

ጥቅምት 22፣ ማለዳ
ወሰንኩ። ተቆጣጣሪዋ በር ላይ ትጠብቀኛለች። አብረን ስም ጥሪው ላይ እንገባለን። ስሜ ሲጠራ ከዚያ ሰው ቀድሜ አቤት እላለሁ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት። ዞር ሲል ፊቱን አያለሁ።

ትናንት አቤት ማለቱን ጮክ ብዬ ስለማመድ ድምፄ እምቢ አለኝ። ቢቀድመኝስ፣ ሁሉም ወደ እሱ ቢዞሩስ፣ እኔስ ማን ልባል ነው?