የጅጋ ረድፍ

መስከረም 20 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ቡሬ

ዛሬ የጅጋን ስንዴ ዋግ ለሚሉት የሰብል በሽታ ላስበላው ነበር።

የዋጉን ካርታ የሚያሰላው ፕሮግራሜ በላቦራቶሪው አራት ኮምፒውተሮች ላይ ነው የሚሠራው። የጻፍሁበት የኮምፒውተር ቋንቋ የማሳዎቹን ልኬት የያዘውን አሬይ፣ ማለትም የቁጥር ሰንጠረዡን፣ ለአራቱም እኩል ይቆርሳል። ማሳ የበዛበት ቁራሽ የደረሰው ኮምፒውተር ሲለፋ ሌሎቹ ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ። ስለዚህ አከፋፈሉን ራሴ ጻፍሁት፤ ማሳ የበዛበትን ጠበብ፣ ባዶውን ሰፋ አድርጌ። ፈጠነ። ደስ ብሎኝ ጠዋት ካርታውን ፍኖተ ሰላም ላሉት የግብርና ኃላፊ ላክሁላቸው።

ከምሳ በኋላ ሳየው ዙሪያው ዋግ አለበት ብሎ ቀልቶ ጅጋ ብቻ ነጭ ነው። እሑድ ግን ከሚኒባስ ላይ ሆኜ የጅጋ ስንዴ ቢጫ ዋግ ለብሶ አይቻለሁ። ደንግጬ ኮዱን ከፈትሁ። በሁለት ቁራሾች ድንበር ላይ ያለውን የጅጋን ረድፍ ለማንኛውም ኮምፒውተር አልሰጠሁትም። ዜሮ ሆኖ ቀርቷል።

ለኃላፊው ደወልሁ።

"በካርታሽ መሠረት የዋግ መድኃኒት የጫነው መኪና ወደ ቡሬ ወጥቷል፤ ሹፌሩ ስልክ አያነሳም" አሉኝ።

ወደ መንገዱ ሮጥሁ። መኪናው ሲመጣ መሐል አስፋልት ላይ ቆምሁ።

"ምን ሆነሻል ልጄ? ልትሞቺ ነው?" ጮኹብኝ ሹፌሩ።

"ጋሼ፣ ይመለሱ! የባሰው ጅጋ ነው።"

ኃላፊውን በስልኬ አገናኘኋቸው። አዳመጡና መሪውን አዞሩ።

አሁን አከፋፈሉን አርሜ እንደገና አስኬድሁት። ጅጋ ከሁሉም በላይ ቀልታለች። የቡሬ ጠርዝም ግን እንደ ጠዋቱ ቀይ ነው። መኪናው አንድ ብቻ ነው፤ ከቡሬ ማሳ የመለስሁትም እኔ ነኝ።